ሰይፍ የታጠቀ ሰው በወገኑ መካከል

ሰላም የሚለው ቃል በሁሉ አፍ የሚነገር ስለ ሆነ ትርጉሙን አጥብቆ የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ሰላም ብለን የምንጠራው ጸጥታን ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጸጥታ የሁከት ድምፅ አለመሰማቱ ነው፤ ሰላም ግን ፍርሃት ከሰው ልብ መራቁ ነው። ሱቁ ተዘግቶ፣ መንገዱ ታጥሮ፣ ሰው ከደጁ ሳይወጣ የሚውልበት ከተማ ጸጥ ያለ ነው፤ ሰላም አለው ግን አይባልም። በጣና ዳር ሰላም አለ የሚባለው፣ ዓሣ አጥማጁ ገና ጎሕ ሳይቀድ በደንገል ታንኳው ወደ ሐይቁ ሲገባ፣ የዘጌ ሰው ቡናውን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲመጣ፣ በደቅ ደሴት የምትኖር እናት የታመመ ልጇን በጀልባ አሳፍራ ወደ ሐኪም ቤት ስታደርስ፣ ሁሉም በሄደበት መንገድ በደኅና ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሳይጠራጠር ሲያድር ነው።

ይህን ሰላም የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ ጻድቅ ቢሆን ኖሮ ዳኛም፣ ፖሊስም፣ ወታደርም ባላስፈለገ ነበር፤ ነገር ግን ቀማኛና ነፍሰ ገዳይ ባለበት ዓለም የደካማው ሰው መጠጊያ የሕግ ክንድ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክቱ በ13ኛው ምዕራፍ፣ ባለ ሥልጣን ሰይፍ የታጠቀው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አስተምሯል። እንግዲህ ጥያቄው ሰይፍ ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አይደለም። ሰይፉ በአገር ውስጥ፣ በወገን መካከል ሲመዘዝ በማን እጅ፣ በምን ልብ፣ እስከ ምን ድረስ ሊሆን ይገባል? የውጭ ጠላትን ለመመከት የሠለጠነ ሠራዊት የአገሩን ልጅ ጸጥታ እንዲያስከብር በታዘዘ ጊዜስ የኅሊናው ሚዛን ምንድር ነው? ልንመረምረው የሚገባን ይህ ነው።

አስቀድመን የስማቸውን ትርጉም እንመልከት። ወታደር የሚለውን ቃል አባቶች ወጥቶ አደር ብለው ይፈቱታል፤ ከቤቱ ወጥቶ በዱር በገደል፣ በአገር ዳርቻ የሚያድር ማለት ነው። ፖሊስ የሚለው ቃል ግን ሥሩ የግሪክ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ፖሊስ ማለት ከተማ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ በስሙ ወደ ዳር አገር የሚወጣ፣ ሁለተኛው በስሙ በከተማ ከሰው ጋር የሚኖር ነው። ልዩነታቸው ግን በስፍራ ብቻ አይደለም፤ በፊታቸው የሚቆመውን ሰው በሚያዩበት ዐይን ጭምር ነው። በጦር ሜዳ በወታደሩ ፊት የሚቆመው ጠላት ነው፤ የወታደሩም ሥራ ጠላቱን ድል መንሣት ነው። በፖሊስ ፊት የሚቆመው ግን ጎረቤት ነው፤ ቢያጠፋ እንኳ ተከሳሽ ነው እንጂ ጠላት አይደለም፤ የፖሊሱም ሥራ እርሱን በሕይወት ይዞ ለዳኛ ማስረከብ ነው። የጦር ሥራ የሚፈጸመው በድል ነው፤ የፖሊስ ሥራ የሚፈጸመው በፍርድ ነው።

ይህ አሳብ ከባዕድ አገር የመጣ እንዳይመስለን። አባቶቻችን ፖሊስ የሚባል መሥሪያ ቤት ሳይኖራቸው ነገሩን ያውቁት ነበር። ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ «በሕግ አምላክ» ባለ ጊዜ ሁለተኛው እጁን ይሰበስብ ነበር፤ በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል የሚባለውም ስለዚህ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቈራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ እንዲመረምር ይደረግ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ለተሳዳጅ መማፀኛ ነበረች፤ ደም ሊመልስ የሚያሳድደው ሰው ከደጀ ሰላሙ ሲደርስ ይቆማል። መማፀኛው በዳዩን ከፍርድ ለማስመለጥ የተሠራ አልነበረም፤ ቁጣ እስኪበርድ፣ ሽማግሌ እስኪገባ፣ በቀል ለፍርድ ስፍራውን እስኪለቅ ድረስ ጊዜ ለመስጠት ነበር። ይህ የጥንት ሥርዓት ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም፤ አውጫጭኝ ንጹሑን ሰው ሁሉ ከሥራው አስፈትቶ ያጉላላ ነበር። ቢሆንም በሁሉም ውስጥ አንድ አሳብ እናገኛለን፤ ይኸውም የተያዘ ሰው የያዘው ሰው ገንዘብ እንዳልሆነ፣ የሕግ እንደ ሆነ ነው።

በዘመናዊው ሥርዓትም ይኸው ልዩነት በሕግ ተጽፏል። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ፖሊስ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ራሱን ችሎ ተደራጀ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ የክልልን ጸጥታ የማስጠበቅ ሥራ ለክልሉ ፖሊስ ሰጠ። የአገር መከላከያ ሠራዊት በክልል ውስጥ የሚሰማራው፣ ነገሩ ከክልሉ ዐቅም በላይ ሆኖ ክልሉ ራሱ ሲጠይቅ እንደ ሆነ በአንቀጽ 51 ተደነገገ፤ ሠራዊቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚሰጠውን ኃላፊነት እንደሚፈጽም፣ ከፓርቲ ወገንተኛነትም ነጻ እንደሚሆን በአንቀጽ 87 ተጻፈ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ቢሆን ከ6 ወር የማያልፍ ወሰን አለው፤ የሚራዘመውም በየ4 ወሩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። አዋጁ በጸናበት ጊዜ እንኳ ሰውን በጭካኔና በሚያዋርድ አኳኋን መያዝ አይፈቀድም። ሕጉ እንዲህ የተጠነቀቀበት ምክንያት ወታደርን በመናቅ አይደለም፤ የሁለቱ ሥራ ቢቀላቀል የሚመጣውን ጥፋት በመፍራት ነው።

ሌሎች ሕዝቦችም ይህን የተማሩት በደም ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1819 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ለመብታቸው በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ፈረሰኛ ጦር ተለቆባቸው ብዙዎች ቆሰሉ፤ የሞቱም ነበሩ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1829፣ ሮበርት ፒል የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም ልብሱ የጦር ሠራዊቱን ቀይ ልብስ እንዳይመስል ሰማያዊ ሆነ፤ መሣሪያውም ዱላ ነበር። ሕዝቡ ፖሊሱን ሲያይ የጦር ወረራ እንዳይመስለው ታስቦ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ያለችበት የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ገበሬ አዋጁን አልቀበልም አለ። የገበሬው ፍርሃት የግብሩ ብር ብቻ አልነበረም፤ ግማቱ በመሬት መለካት ተጀምሮ ርስትን በመንጠቅ ይጨርሳል ብሎ ሠግቶ ነበር። ይህ ፍርሃት የሚበርደው በማስረዳትና በመሸምገል ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያ ፖሊስና ነጭ ለባሽ፣ በኋላም መደበኛ ጦር ተላከ፤ ከአየርም መንደሮች ተደበደቡ። ውጤቱ ምን ሆነ? ገበሬው ግብሩን አልከፈለም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፤ የተጠራቀመውም ውዝፍ ግብር ተማረ። እንግዲህ ሰላም የመጣው በአውሮፕላን አልነበረም፤ በምሕረትና ጥያቄውን በመስማት ነበር። በመጨረሻ የተደረገው ነገር በመጀመሪያ ቢደረግ ኖሮ የብዙ ሰው ደም በተረፈ ነበር። ጦር ፍርሃትን ሊያስከትል ይችላል፤ ርስቴን እነጠቃለሁ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ግን መልስ ሊሰጥ አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል አልፎ ያው ጥያቄ በጣና ዳር እንደ ገና ተነሣ። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በባሕር ዳር ለሰላማዊ ሰልፍ በወጣው ሕዝብ ላይ ጥይት ተተኰሰ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያች ከተማ ቢያንስ 30 ሰዎች እንደ ተገደሉ ገልጾ ነበር። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ አደጋው ከጠባቂዎቹ ቤት ተነሣ። በባሕር ዳር የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኰንንና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኰንንና ጡረታ የወጡት ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። መንግሥት የድርጊቱ መሪ ናቸው ያላቸው የክልሉ የጸጥታ ቢሮ ኃላፊ ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌም ከሁለት ቀን በኋላ ተገደሉ፤ ስለዚህ ክሱም መልሱም በፍርድ አደባባይ ሳይሰማ ቀረ። የዚያን ቀን ሐዘን ለሁሉም ያስተማረው፣ ሰይፍ ከሕግ ሥር በወጣ ጊዜ ባለ ሥልጣንን እንኳ እንደማያድን ነው።

በእነዚያ ዓመታት በየክልሉ ልዩ ኃይል የሚባል ሠራዊት አድጎ ነበር፤ በስሙ የክልል ፖሊስ አካል ሲሆን በትጥቁ ግን ጦር ይመስል ነበር። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የፌዴራሉ መንግሥት ልዩ ኃይሎች ፈርሰው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ መወሰኑን ባስታወቀ ጊዜ በአማራ ክልል ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ፖሊስን ከጦር መለየት በራሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥጋት ያደረበት ሕዝብ ማን ይጠብቀኛል ብሎ ሲጠይቅ አስቀድሞ ሊያምነው የሚችል መልስ ይፈልጋል። ከጥቂት ወራት በኋላ በፋኖ ታጣቂዎችና በመንግሥት ኃይሎች መካከል የተደረገው ውጊያ በርትቶ የክልሉ መስተዳድር የፌዴራሉን መንግሥት እርዳታ ጠየቀ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ለ4 ወር ተራዘመ። አዋጁ በዚያው ዓመት ቢያበቃም ግጭቱ ከእርሱ ጋር አላበቃም።

አዋጁ በጸናበት ወራት፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በመራዊ ከተማ ውጊያ ሆነ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከፍርድ ውጭ እንደ ተገደሉ ማረጋገጡን በየካቲት ወር አስታወቀ። ኮሚሽኑ ራሱ በሕግ የተቋቋመ የመንግሥት አካል ስለ ሆነ ቃሉ እንደ ተራ ወሬ የሚታለፍ አይደለም። አንድ ሰው ታጣቂ ረድቷል ተብሎ ቢጠረጠር፣ ረድቷል ወይስ አልረዳም የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ዳኛ ነው። ወታደሩ ግን የጦር ሜዳውን ዐይን ይዞ ወደ ከተማው ከገባ፣ ከሳሽም ምስክርም ዳኛም ፈጻሚም እርሱ ብቻ ይሆናል። የሁለቱ ሥራ መቀላቀል ያመጣል ያልነው ጥፋት ይህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊከራከር ይችላል፦ «መትረየስ ይዞ የሚዋጋን ሰው ፖሊስ በዱላ ሊመልሰው አይችልም፤ መንገደኛን አግቶ ገንዘብ የሚጠይቀውን፣ ትምህርት ቤት የሚያዘጋውን፣ የቀበሌ ሹምን በቤቱ የሚገድለውን ማን ያቆመዋል? ወታደሩስ የእናት ልጅ አይደለምን? በጥይት መካከል ቆሞ ሕግ እንዲጠቅስ መጠየቅ ግፍ አይሆንምን?» ክርክሩ እውነት አለበት። ወታደርም የእናት ልጅ ነው፤ ደሙ በከንቱ ሲፈስ የማናዝን ከሆነ ስለ ሌላው ደም ማዘናችን ሐሰት ይሆናል። ለአገር መብት ተነሥቻለሁ የሚል ታጣቂም ንጹሕ ሰው አግቶ ገንዘብ ቢቀበል፣ እጁን የሰጠውን ወታደር ወይም ፖሊስ ቢገድል፣ ያው ፍርድ ይጠብቀዋል። ክልሉ ሲያቅተው ሠራዊት እንዲመጣ ሕጉም ፈቅዷል። ነገር ግን መምጣቱ የተፈቀደ ስለ ሆነ ብቻ የሚያደርገው ሁሉ የተፈቀደ አይሆንም። የሚተኩስበትን ሰው መመከት አንድ ነገር ነው፤ ውጊያው ካለፈ በኋላ ከቤቱ ያወጡትን ሰው መግደል ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን ከጥይት ጩኸት በላይ ሊሰማ ይገባል።

ይህን ወሰን የጠበቀ ወታደር በቅዱስ መጽሐፍ እናገኛለን። በግብረ ሐዋርያት ከ21ኛው እስከ 23ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ በኢየሩሳሌም ሕዝቡ ታውኮ ቅዱስ ጳውሎስን ሊገድለው በያዘው ጊዜ ሻለቃው ቀላውዴዎስ ሉስዮስ ጭፍሮቹን ይዞ ደረሰ፤ ከሚደበድቡትም እጅ አወጣው። ሻለቃው ፍጹም ሰው አልነበረም፤ ጳውሎስን አሳሰረው፤ በግርፋትም እንዲመረመር አዞ ነበር። ነገር ግን እስረኛው ያልተፈረደበትን የሮም ዜጋ መግረፍ በሕግ ይፈቀዳልን ብሎ በጠየቀ ጊዜ ሻለቃው ፈርቶ ተወው። ከዚያም ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ጳውሎስን ለመግደል እንደ ተማማሉ በሰማ ጊዜ፣ 200 ወታደሮች፣ 70 ፈረሰኞችና 200 ጦረኞች አዘጋጅቶ በሌሊት ወደ ቂሣርያ፣ ወደ አገረ ገዥው ወደ ፊልክስ አሰደደው። አንድ እስረኛ በሕይወት ከዳኛ ፊት እንዲደርስ 470 ሰው ታጠቀ። ሻለቃው ጳውሎስን አይወደውም ነበር፤ ሃይማኖቱንም አያውቅም ነበር፤ ግን የያዘው ሰው የሕግ አደራ እንደ ሆነ ዐወቀ። እንግዲህ ሠራዊት በአገር ውስጥ ሲሰማራ መልካም ሥራው እንዲህ ያለው ነው፤ ሥራው የሚለካው በገደለው ሰው ቍጥር ሳይሆን ለዳኛ ባደረሰው ሰው ቍጥር ነው።

ከዚህ የተነሣ፣ ለአገር ውስጥ ጸጥታ የሚታዘዝ ኃይል ሊጠብቃቸው የሚገባውን በአጭሩ እንናገር።

አንደኛ፣ አስቀድሞ ጥያቄው ይሰማ። እንደ ጎጃሙ ገበሬ ፍርሃቱን የሚናገር ሕዝብ መልስ ሳያገኝ ጦር ቢላክበት ጦሩ የሚያስከብረው ሕግን ሳይሆን ዝምታን ነው።

ሁለተኛ፣ ጦር የሚጠራው ፖሊስ በእውነት ሲያቅተው ብቻ ይሁን፤ የሚቆይበትም ጊዜ ይወሰን። ለጥቂት ወር የመጣ ሠራዊት ለዓመታት የከተማ ዘበኛ ሆኖ ከቀረ ፖሊሱ ሥራውን ይረሳል፤ ወታደሩም የድንበር ግዳጁን ይረሳል፤ ሕዝቡም በታጠቀ ሰው መካከል መኖርን የተፈጥሮ ሥርዓት አድርጎ ይለምደዋል።

ሦስተኛ፣ የተያዘ ሁሉ ስሙ ይጻፍ፤ ለዳኛ ይቅረብ፤ ዘመዶቹ የት እንዳለ ይወቁ። የጠፋውን ልጇን ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረች የምትፈልግ እናት ያለችበት አገር፣ ምንም ተኵስ ባይሰማበት፣ ሰላም አለው አይባልም።

አራተኛ፣ ደመወዝና ስንቅ አይጓደል። ዮሐንስ መጥምቅ ወደ እርሱ መጥተው ምን እናድርግ ብለው ለጠየቁት ወታደሮች ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ሰውን አስጨንቀው እንዳይነጥቁ፣ በሐሰት እንዳይከሱ፣ በደመወዛቸው እንዲረኩ አስጠነቀቃቸው እንጂ። በደመወዙ እንዲረካ የሚጠየቅ ሰው ግን አስቀድሞ የሚያኖረው ደመወዝ ሊኖረው ይገባል። በየኬላው ከመንገደኛ እጅ የሚለቀመው ብር ብዙ ጊዜ ከላይ የጐደለው ነገር ጥላ ነው።

አምስተኛ፣ ጥፋት ያደረሰ፣ አዛዥም ታዛዥም ቢሆን፣ በግልጥ ይጠየቅ። በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 መሠረት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርና ማሰቃየት በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች ከሆኑ በይርጋ አይታገዱም፤ በምሕረትም አይታለፉም። ይህ ድንጋጌ በወረቀት ላይ ተጽፎ ብቻ ከቀረ ግን ለሟቹ ቤተሰብ ሁለተኛ ሐዘን ነው። በሥርዓት የኖረውን ብዙውን ወታደርና ፖሊስም ይበድላል፤ የጥቂቶች ነውር ባልተለየ ጊዜ የሁሉ ልብስ ይቈሽሻልና።

ደግሞም የእኛ የሕዝቡ ዕዳ አለ። ብዙዎቻችን በሌላው ወገን ላይ የደረሰውን ግፍ ስንሰማ «የእጁን አገኘ» እንላለን፤ በእኛ ላይ የደረሰ እንደ ሆነ ግን ሰማይና ምድርን ምስክር እንጠራለን። እንዲህ ያለው አንደበት ነው ለወታደሩ የጠላትን ዐይን የሚያውሰው። ካህን ንስሐ ልጁ ታጣቂም ይሁን ወታደር፣ የያዝኸውን አትግደል፣ ያልሠራውን አትመስክርበት ብሎ ያለ ፍርሃት ይንገረው። ሽማግሌም ለሁለቱም ወገን የሚናገረው ቃል አንድ ይሁን። አባት ልጁን ለውትድርና ወይም ለፖሊስነት ሲመርቅ ጠላትህን ጣልልኝ ብቻ ብሎ አያብቃ፤ እጅህ ላይ የወደቀውን ሰው አደራ ብሎ ይጨምርበት።

የመራዊ ሟች ልጅ ነገ ያድጋል፤ በግዳጅ የሞተው ወታደር ልጅም ያድጋል። ሁለቱ ልጆች አንድ ቀን በአንድ ገበያ፣ በአንድ ጀልባ፣ በአንድ ቅዳሴ መገናኘታቸው አይቀርም። የዚያን ጊዜ አንዱ ሁለተኛውን የሚያይበት ዐይን የሚወሰነው ዛሬ በምናደርገው ነው። ዛሬ ለአባቶቻቸው ደም ዳኛ ከተገኘ ተካስሰው ይታረቃሉ፤ ዳኛ ከጠፋ ግን እያንዳንዱ ለራሱ ዳኛ ይሆናል። ልዑል እግዚአብሔር ለያዡም ለተያዡም ልቡና ይስጥ።